ትራሴን ይዤ የወጣሁ ጊዜ

ሰኞ

ደርሻለሁ። ማንም የለም። ደስ ስላለኝ ደግሜ ልጻፈው፤ ማንም የለም።

ቤቱ ላንጋኖ ዳር ካሉት ሎጆች ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ ፊት ለፊት ውሃው። ባለቤቷ የአዲስ አበባ ሴት ናት፣ ደንበኛዬ። የመስኮቶቹን መጋረጃ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። በቀደም ሱቅ መጥታ ፊቴን አየችና ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። አይ፣ ተይው ማለት ነበረብኝ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እጄ ቀድሞኝ ተቀበለ።

ፊቴ ምን ሆኖ ነበር? ምንም አልሆነም። አዳማ ውስጥ መጋረጃ የሚሸጥ ሰው ፊት ነው። ሱቅ ከፍቼ እስክዘጋ ሰው ያወራኛል። አንዷ ወርቃማውን አውርጂልኝ ትላለች፣ አወርዳለሁ። ትዳስሰዋለች፣ ብርሃን ላይ ታየዋለች፣ ባሌን ላማክር ብላ ትሄዳለች። በማግስቱ እህቷን ይዛ መጥታ ያንኑ ታስወርደኛለች። ማታ ቤት ስገባ ጎረቤት አለ፣ የባሌ ዘመድ አለ፣ የዕድር ስብሰባ አለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ይሄ ክሬም ነው ወይስ ነጭ ብትለኝ እንባዬ መጣ። በክሬም የሚያለቅስ ሰው ማረፍ አለበት።

ከማል ባሌ ነው፤ ከአዳማ ወንጂ የራሱን ሚኒባስ ይነዳል። ኳስ እያየ ነው የነገርኩት። ብቻዬን ላንጋኖ ሄጄ ላርፍ ነው፣ እሁድ እመለሳለሁ አልኩት። እሺ አለ። ሰምተኸኛል ወይ አልኩት። እሺ አልኩሽ እኮ አለ። ሱቁን ልጃችን ሰሚራ ትይዛለች። ረመዳን ሳይገባ፣ የኢድ መጋረጃ ግርግር ሳይጀምር ካላረፍኩ መቼም አላርፍም።

የያዝኩት፦ ሁለት ቀሚስ፣ መስገጃ፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ቴምር፣ ሽሮ፣ ትንሿ ድስት፣ የራሴ ትራስ። በሰው ትራስ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚሁ ነኝ።

ሰው እንዳያየኝ ሱብሂ ሰግጄ በቀጥታ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች ግን በራቸው ላይ ውሃ ሲደፉ አገኙኝ። እሳቸው ሳያዩት የሚያልፍ ነገር ሰፈራችን ውስጥ የለም። ትራሴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እግዜር ይርዳሽ ብለው ገቡ። የት ነው ብለው ስላልጠየቁኝ በጣም ደስ አለኝ።

የቤቱ ጠባቂ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው። አካም ጅርቱ ብለው ሰላም አሉኝ፣ መለስኩላቸው፣ ሄዱ። ከየት መጣሽ የለ፣ ባል አለሽ ወይ የለ። ገና ከአሁኑ ወደድኳቸው።

ስልክ እዚህ አይሠራም። በሩ አጠገብ ያለው ጉብታ ላይ ከወጡ ብቻ ይሠራል አሉኝ። እኔ ደግሞ ጉብታ የመውጣት ሐሳብ የለኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁት፦ ተኛሁ። ተነሳሁ። ሻይ ጠጣሁ። ውሃውን አየሁ። ተመልሼ ተኛሁ።

ከሰዓት ከነቀሚሴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። የላንጋኖ ውሃ ወተት የነካው ሻይ ነው የሚመስለው፤ ገብተሽ የገዛ እግርሽን አታይውም። በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ይህ ጥሩ ነገር ነው። እስከ አንገቴ ገብቼ ቆምኩ። ማንም ፋጡማ ብሎ አልጠራኝም።

አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ በበረንዳው ሥር አለፈች። ጭራቸውን ቀስረው ተሰልፈው ይከተሏታል። እሷም እረፍት የላት ብዬ አዘንኩላት።

ጦጣ መጥቶ የቴምሩን ካርቶን እንዳለ ወሰደው። አልሮጥኩም። አዳማ ቢሆን ጫማዬን አውልቄ ነበር የምከተለው። ቁጭ ብዬ ሲበላ አየሁት፤ ፍሬውን እየተፋ ይበላል፣ ጨዋ ነው።

ጭንቀቶቼ፦ ሰሚራ ሜትር ስትለካ እጇ ይለቃል፣ ታበዛላቸዋለች። አርብ ከሰዓት ሱቅ ሰው ይበዛል፣ ከማል ደግሞ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ጋራጅ ነው። ይህቺ ሚኒባስ አርብ ሳትታመም የቀረችበትን ጊዜ አላስታውስም። መካኒኩን ብርሃኑን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ልጁን ክርስትና ያስነሳ ዕለት እንኳ፣ እንኳን ደስ አለህ ብዬ በዚያው መኪናዋን አንድ ጊዜ ብትሠራት ምን አለ አልኩት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ እሺ አለኝ።

ይኸው፣ እዚህ ድረስ መጥቼ ስለ መካኒክ አስባለሁ። ደብተሩን ዘጋሁት፣ ወደ ውሃው ተመለስኩ።

ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ከአላህና ከጦጣው ጋር ብቻ ነው። ጉሮሮዬ ራሱ ያረፈ መሰለኝ።

ረቡዕ

አበቃ።

ጠዋት ሻዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ታናሽ እህቴ ሐሊማ ናት፤ ያገባችው አርሲ ነገሌ ነው፣ ቅርብ ናት። ወተት በጀሪካን፣ ዳቦ በፎጣ፣ ዶሮ ከነሕይወቷ ይዛ፣ እያለቀሰች ወረደች። ሰው የሞተ መሰለኝ።

ምን አደረገሽ አለችኝ። ማን አልኳት። ከማል ነዋ አለች።

ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። እትዬ አስናቀች ትራሴን ይዤ ስወጣ አይተዋል። ሻንጣ የያዘች ሴት መንገደኛ ናት፤ ትራሷን ይዛ የወጣች ግን ቤቷን ፈታለች። ነገሩ በቁርስ ሰዓት ዕድር ደረሰ፣ በምሳ ሰዓት ገበያው ውስጥ ያሉ ደንበኞቼ ጋ ደረሰ፣ ማታ አርሲ ነገሌ ገባ። እኔ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቴ ቆሜ ሳለሁ ለካ ትዳሬ ፈርሷል።

ምንም አላደረገኝም፣ ደክሞኝ ነው የመጣሁት አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ወይኔ እህቴ፣ ለእኔም የማይነገር ነው?" አለች። በማልኩ ቁጥር ባሰባት። በመጨረሻ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል ደግሞ ነገሩን ያመንኩ መሰላት። አቀፈችኝና የራሷን ባል ጉድ ትነግረኝ ጀመር። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነገረችኝ። ሰውዬውን ከእንግዲህ በምን ዓይኔ እንደማየው እንጃ። እሷ ቀሏት ሄደች። ዶሮዋ ቀረች።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ለከማል ደወልኩ። ድምፁ ልክ አልነበረም። እንዴት ነሽ ፋጤ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ አየሩ ተስማማሽ ወይ አለኝ። በትዳራችን ውስጥ ከማል ስለ አየር ጠይቆኝ አያውቅም። ቤታችን ሰው እንደሞላ፣ እትዬ አስናቀች ወጥ እንዳመጡለት፣ ለማረፍ ነው የሄደችው ሲላቸው ሁሉም ትከሻውን መታ መታ አድርገው አይዞህ እንደሚሉት ነገረኝ። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ደግሞ ለብቻው ወስደው፣ ልጄ፣ በድለሃታል ወይ ብለው ጠየቁት።

ታዲያ ምን አልካቸው አልኩት። ላስብበት አልኳቸው አለ።

ምኑን ነው የምታስበው ስለው ነገሩን አዙሮ፣ ነገ ሽማግሌ ይዤ መምጣቴ ነው፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

እንግዲህ ልቁጠረው። አልተጣላንም ካልኩ፣ ታዲያ እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ተነሺ ይሉኛል። ተጣልተናል ካልኩ ያስታርቁናል፣ የታረቀች ሴት ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በየትኛውም በኩል ነገ ማታ አዳማ ነኝ። አርብም ቅዳሜም ቀለጡ። ይህን ጉድ አርፎ ለመቀመጥ ብዬ ነው ያመጣሁት።

ደግሞ ከማል የሚያስበው ምንድን ነው?

ሐሙስ

መጡ።

የከማል ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመች። ሐጂ እንድሪስ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ መጀመሪያ ወረዱ። ጋሽ ታደሰ ከኋላ፤ ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ ከወጡ ቆዩ፣ ንግግራቸው ግን ገና ጡረታ አልወጣም። እትዬ አስናቀች በምስክርነት ይመስለኛል። ሾፌሩ ከማል ራሱ ነው። እሱ ግን አልወረደም። ተከሳሽ ሳይጠራ አይገባም፣ ሥርዓት አለው አሉ ጋሽ ታደሰ። ስለዚህ ሊፈርዱበት ከመጡ ሰዎች ጋር ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ መጥቶ ግራሩ ጥላ ሥር መኪናው ውስጥ ቀረ። ውሃ ልስጠው ብል ከለከሉኝ።

በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ታደሰ የመጣንበት ጉዳይ ብለው ጀመሩ። ጥል የለም፣ ደክሞኝ ነው አልኩ። ሐጂ በሐዘን አዩኝ።

"ልጄ፣ ሰው ሲደክመው ቤቱ ይገባል እንጂ ከቤቱ ይወጣል?"

እትዬ አስናቀች ትራሱን አይቻለሁ አሉ፣ ትራሱም አልጋው ላይ በበሩ በኩል ይታይ ነበር። እንግዲህ ቶሎ ይለቅ ብዬ አንድ በደል ፈለግኩ። ኳስ ሲያይ አይሰማኝም አልኩ። ተያዩ። ጋሽ ታደሰ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ለዚህ ለዚህ ከአዳማ ድረስ ሰው አይነሳም። ሐጂ ግን ይሁን፣ ይጠራና ይቅርታ ይጠይቅ፣ አብረን እንመለስ አሉ።

ከማል ተጠራ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ፊታችን ቆመ። ፊቱን ላብ አጥቦታል። ሐጂ፣ ጥፋትህን ታውቀዋለህ ወይ አሉት፤ እንዲሁ ለወጉ ነው የጠየቁት።

"አውቀዋለሁ። ፋጤም ደርሳበታለች መሰለኝ" አለ።

እትዬ አስናቀች ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ።

አርብ አርብ ጋራጅ አልሄድም አለ። መኪናዋ ደህና ናት፣ ሁልጊዜም ደህና ነበረች። ከጁምዓ በኋላ ወንጂ መንገድ ወርዶ የሸንኮራው ማሳ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ያቆማታል። ሞተር ያጠፋል፣ ሬዲዮ ያጠፋል፣ ወንበሩን ያስተኛል። ከማን ጋር አሉ እትዬ አስናቀች። ብቻዬን አለ። ምን ትሠራለህ አሉ ጋሽ ታደሰ። ምንም፣ አንዳንዴ ሸንኮራ እበላለሁ አለ። ከመቼ ጀምሮ ሲባል፣ ሰሚራ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አለ። ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች።

መጀመሪያ ሳቄ ሊመጣ ነበር። ቀጥሎ ብርሃኑ መካኒኩ ትዝ አለኝ፣ አንገቱን እንደደፋ። ያን ሁሉ ስድብ የጠጣው ለባሌ ምስጢር ብሎ ነው። ከዚያ ደግሞ ዋናው መጣ፣ ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ይህ ሰውዬ ዓመታት ሙሉ ተደብቆ የሚያርፈው ከማን ነው? ከእኔ ነው?

ሐጂ ፊታቸው በራ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀላል ነው፣ ሴት አይደለም፣ መጠጥ አይደለም፣ ይቅር በይው ልጄ፣ ትራስሽን ያዢና እንሂድ አሉ።

"አልታረቅም" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። እውነቴን ነበር፤ ደግሞም ያልታረቀች ሴት እዚሁ ትቆያለች፣ ይህም በጣም ይመቸኝ ነበር። የሚገርመው ማንም አልደነገጠም። ጋሽ ታደሰ እንዲያውም ነቃ አሉ። በሥርዓቱም ቢሆን ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ይመላለሳል እንጂ አሉ። ሐጂ ሐይቁን አንዴ አዩትና እርቅ አይቸኮልም፣ እሁድ ብንመለስስ አሉ። እትዬ አስናቀችም እሁድ ይመቸኛል አሉ።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ባቱ ላይ ዓሣ ገዝተው መጥተዋል፤ ዓሣ ማንም ባርኮ ስለማያርደው ሐጂም ጋሽ ታደሰም ከአንድ ትሪ በሉ። ጋሽ ታደሰ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው አጥፈው ውሃው ውስጥ ቆሙ፣ አልወጣም አሉ። ሐጂ ከሰገዱ በኋላ ግራር ሥር እንቅልፍ ወሰዳቸው። እትዬ አስናቀች ከርከሮዎቹን አይተው ባለቤታቸው ማነው ብለው ኦቦ ገመቹን ጠየቁ።

ከማል አልታረቀም ተብሎ ዓሣው መኪና ውስጥ ተሰጠው፣ ለብቻው። እነሱ ቅጣት መስሏቸዋል። እኔ ግን በመስታወቱ አየሁት፤ ወንበሩን ለጥ አድርጎ አስተኝቶ ሸንኮራው ዳር እንዳለ ሰው ነበር የሚበላው።

አርብ

ዝምታው ተመለሰ። እኔ ግን አልተመለስኩም።

ጠዋት ሙሉ ውሃው ዳር ተቀምጬ ተሟገትኩ። ከማን ነው የሚያርፈው? ጮክ ብዬ አወራለሁ፣ አውቃለሁ። ገና በሩን ሲከፍት ነው የምጀምረው፣ ሱቅ ውስጥ የሰማሁትን ሁሉ እላዩ ላይ አራግፋለሁ። ግን ንገሪኝ የሚለኝ እሱ አይደለም እንዴ? አሁን ሳስበው ንገሪኝ ብሎኝ አያውቅም። ዝም ብሎ ነው የሚሰማው።

ሻይ አፍልቼ ደግሞ በሌላ በኩል መጣሁ። እኔስ? ዕቃዬን ስሸክፍ አብረን እንሂድ ልበለው ወይ ብዬ ለአፍታ አስቤያለሁ? አላሰብኩም። ድስት አስቤያለሁ፣ ስኳር አስቤያለሁ። ባሌ ትዝ አላለኝም። ይህን ለማንም አልናገርም።

ከጁምዓ በኋላ አላስችል አለኝና ጉብታው ላይ ወጣሁ። ሸንኮራው ጋ ሄዶ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ለሰሚራ ደወልኩ። አባ ከጠዋት ጀምሮ ሱቅ ነው አለችኝ። እናትሽ የምትሠራውን ልየው ብሎ ነው የመጣው። አንዲት ሴትዮ ወርቃማውን ሦስት ጊዜ አስወርዳው ባሌን ላማክር ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጥግ ላይ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል አለችኝ። ምሳ አልበላም።

ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ኦቦ ገመቹ ምን ሆነች ብለው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ደህና መሆኔን አዩና ተመለሱ።

ቅዳሜ

ከሁሉም የተሻለው ቀን ዛሬ ነው። የሚጻፍ ነገር የለም።

ዶሮዋ አልጋዬ ሥር እንቁላል ጣለች። ጠብሼ በላሁ። ሁለት ጊዜ ዋኘሁ፣ ዋኘሁ እንኳን አይባልም፣ ተንሳፈፍኩ። ከሰዓት ነፋስ መጣና የሰፋሁትን መጋረጃ ወደ ውጭ አወጣው። ክሬም ነው። ዛሬ ክሬምነቱ ምንም አላለኝም።

ከማል ናፈቀኝ። ይኸው ጻፍኩት። ነገ ግን ጥያቄውን ሳልጠይቀው አልታረቅም፣ ሰው ፊትም ቢሆን። መልሱን ፈርቻለሁ። ከማል ፊት ለፊት ከተጠየቀ መዋሸት አይችልም፤ አርብ አርብ የዋሸው ማንም የት ነበርክ ብሎ ስላልጠየቀው ነው።

እሁድ

አሁን የምጽፈው ሚኒባሷ ውስጥ ነው፤ ባቱን አልፈናል።

ጠዋት ሻይ ሳይፈላ ደረሱ። ሐሙስ ሦስት ነበሩ፣ ዛሬ ሚኒባሷ ሙሉ ናት። የዕድሩ ኮሚቴ እንዳለ መጥቷል። ጉዳዩ ከበድ ስላለ ሰው ጨምረን ነው አሉ ጋሽ ታደሰ። አንገታቸው ላይ ፎጣ አለ። ሌላው ሰሌን ይዟል፣ እትዬ አስናቀች ሐብሐብ ይዘዋል።

ዱዓ ተደረገ፣ ከማል ተጠራ። ለኮሚቴው ገና ሳይነገራቸው እኔ ቀደምኩ።

"ከእኔ ነው የምታርፈው?"

ከማል አሰበ። ይህ ነው በሽታው፣ ሲጠየቅ ያስባል። ሁሉም አፉን ይጠብቃል።

"ከአንቺም" አለ።

እትዬ አስናቀች በስመአብ አሉ። ዓይኔ ሞላ። ከማል ግን አልጨረሰም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንቺስ ፋጤ፣ እዚህ የመጣሽው ከማን ልታርፊ ነው አለኝ። ለመናደድ አይደለም የጠየቀኝ፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ሁሉንም ልዘረዝርለት ነበር፣ ደንበኛውን፣ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን። ውሃውን አየሁና ከአንተም አልኩት።

ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ሁለታችንም ሽማግሌ ፊት እንደ ልጅ ሳቅን፣ የከማል ኮፍያ ወደቀ። ጋሽ ታደሰ ምን ተባለ ነው የምንለው፣ ይሄ ውሳኔ ላይ እንዴት ይሰፍራል ብለው ተጨነቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ ዛሬ ለሽምግልና ልሄድ ነው ስላት ሚስቴ ጫማዬን በር ድረስ አመጣችልኝ አሉ። የእኔዋም ስንቄን ከትናንት ጀምሮ አዘጋጅታ ነበር አሉ ጋሽ ታደሰ። ኮሚቴው ለአፍታ እርስ በርሱ ተያየ፤ ለካ የእነሱም ሚስቶች ዛሬ እያረፉ ነው።

ታረቅን። ውሳኔው፦ አርብ ከጁምዓ በኋላ የከማል ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። ሰኞ ከሰዓት የእኔ ነው፣ ሱቁን እሱ ይይዛል። ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፣ እሺ ግን አለ። ብርሃኑ ጋ ሁለታችንም ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እኔ ለሳሎኑ መጋረጃ እሰፋለታለሁ፣ ከማል ደግሞ ራሱ ይሰቅለዋል። ዶሮዋን ለኦቦ ገመቹ ሰጠኋቸው፣ ገለቶሚ ብለው አመሰገኑኝ።

ከዚያ ሁሉም ውሃ ውስጥ ገባ። ከማልም እንዲገባ ተፈቀደለት። አጠገቤ መጥቶ እስከ አንገቱ ቆመ። ብዙ ቆየን፣ አላወራሁም፣ እሱም አላወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥሩ ነው አለኝ።

አሁን ሞጆ ልንገባ ነው። ከኋላ ኮሚቴው ተኝቷል። ሐጂ ከፊት ወንበር ላይ ዞረው ሁለታችንንም አዩን። ልጆቼ፣ ሌላ ጊዜ ስትጣሉ እባካችሁ በክረምት አይሁን፣ ውሃው ይቀዘቅዛል አሉን። ከማል መኪናዋን ቀስ አድርጎ፣ በጋ ላይ እናደርገዋለን ሐጂ ብሎ ቃል ገባላቸው።